ድምፄ ስማዳ ሲደውል

እትዬ ውባንቺ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ንፋስ መውጫ ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ልስማቸው ስጠጋ ነጠላቸውን ወደ ጉንጫቸው ሳብ አድርገው ከእህል ተራው ወደ በርበሬ ተራው ተሻገሩ። እኚህ ሴት ስማዳ በወረድኩ ቁጥር መደባቸውን ለቀው ያስተኙኝ፣ በእጃቸው ያጎረሱኝ ሰው ናቸው። እዚያ የምንሠራው የምንጭ ፕሮጀክት የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። አንድ ልጃቸው አማረች ደግሞ ከገደሉ ግርጌ ለምንጩ ከሚቆፍሩት የቀበሌው ወጣቶች አንዷ ናት።

ተከተልኳቸው። ሲያኮርፉኝ «የራሳቸው ጉዳይ» ብዬ የምተው ሰው አይደለሁም፤ ምክንያቱን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«ምነው እትዬ ውባንቺ? ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምን ታጠፊያለሽ? ትልቅ ሰው ሆነሻል።»

«ኧረ በማርያም፣ ይንገሩኝ።»

«አያ ዋለ ጠሩሽ፣ ቀረሽ። ደግመው ጠሩሽ፣ ቀረሽ። ለሦስተኛ ‹ብቅ በይ እስኪ› ቢሉሽ ‹እመጣለሁ› ብለሽ ቀረሽ። እኛ ታዲያ ምን እንበል? ‹ሰርካለም አውቃው ነው፣ ደግ ቢሆን ነው የቀረች› አልንና ልጆቻችንን ልከን መቆፈሩን ቀጠልን።»

አያ ዋለ የዚያ ሥራ ፎርማን ናቸው። ከእሳቸው ጋር ከተነጋገርኩ ግን ወራት አልፎኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ፕሮጀክት ማናጀር ነኝ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የውሃ ሥራዎችን እመራለሁ፤ ወይም እመራ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ እኔም በቅጡ አላውቅም። ድሮ ሥራዬ ከጫማዬ ይታወቅ ነበር። የጫማዬ ጭቃ ሳይደርቅ ሌላ ጭቃ ይጨመርበታል፤ አንዱን ፎርማን ስለምነው፣ ሌላውን ስቆጣው፣ የሦስተኛውን ልጅ ክርስትና ስበላ ሳምንቱ ያልቃል። ዓምና ዋናው መሥሪያ ቤታችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገባ። «ረዳቱ» እንለዋለን። ዕቅድ ያወጣል፣ ሲሚንቶው የት እንደደረሰ ይከታተላል፣ ሪፖርት ይጽፋል። በፎርማኖቹ ስልክ ላይ ቀን ቀን የሥራውን ቦታ ድምፅ የሚቀዳ መተግበሪያ ጫነ፤ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ እየደወለ ሥራው እንዴት እንደዋለ ይጠይቃቸዋል።

መጀመሪያ የሚደውለው በማይታወቅ የወንድ ድምፅ ነበር። ያገሬ ገበሬ የማያውቀው ሰው በስልክ ሲለፈልፍበት «ተሳስተዋል» ብሎ ይዘጋል። ሁሉም ዘጉበት። ያኔ አለቃዬ ይስሐቅ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ድምፅሽን ስጪን ሰርኬ፤ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው» አለኝ። አንድ ከሰዓት በር ዘግቼ የላኩልኝን ዐረፍተ ነገር ሁሉ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ ረዳቱ በእኔ ድምፅና በእኔ ስም ይደውላል። ለፎርማኖቹ እንንገራቸው ስል «ግራ ይጋባሉ፣ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» ተባለ። መኪናዬ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሄደች። «ከእንግዲህ ሥራሽ ቀዩን ማየት ነው» አለኝ ይስሐቅ፤ «ችግር ያለበት ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይሆናል፤ አረንጓዴውን እርሽው።» ሁሉም አረንጓዴ ነበር። እኔም ቢሮ ቁጭ ብዬ አረንጓዴ ሳይ ከረምኩ፤ የከተማው ሰው «ሥራ የሌላት ሥራ አስኪያጅ» እያለ ይቀልድብኛል።

ማሽኑ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያገሬ ሰው ክፉ ነገር በስልክ አይናገርም። አባቴ እስቴ ሲሞት እኔ ባሕር ዳር ተማሪ ነበርኩ፤ አጎቴ ደውሎ ያለኝ «ብቅ በይ እስኪ፣ ናፍቀሽናል» ነው። መርዶ በሽማግሌ፣ በጠዋት፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ሥራም ላይ እንዲያው ነው። ግንብ ሲሰነጠቅ ፎርማኑ «ግንቡ ተሰነጠቀ» አይለኝም፤ በሰው ድካም ላይ ማሟረት ይመስለዋል። «ብቅ በይ እስኪ፣ ጠበል ጸዲቅ አለን፣ እንጫወታለን» ይላል። አንዴ ሲሉኝ እሄዳለሁ። ሁለቴ ሲሉኝ እሮጣለሁ። ሦስቴ እስኪሉኝ ግን ቆይቼ አላውቅም።

«እትዬ ውባንቺ» አልኩ፣ «ምንድን ነው የሆነው?»

ፊት ለፊት ስለቆምን ነገሩኝ። «ከምንጩ በላይ ያለው መሬት አፉን ከፍቷል። የበልጉ ዝናብ ከጣለ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ ጣት ነበር የሚያስገባው፤ አሁን የአማረችን ክንድ ሙሉውን ያስገባል።»

«ጉድጓዱስ?»

«ከሥሩ ነው እንጂ! ዛሬም እዚያው ናቸው።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም።

ከገደሉ ሥር ኔትወርክ ስለሌለ፣ አያ ዋለ ምሳ ላይ ወደ አፋፉ እስኪወጡ ከረዳቱ ጋር በስልክ ያወሩትን ከፈትኩ። እትዬ ውባንቺ ከኋላዬ ቆመዋል። የመጀመሪያውን አጫወትኩት።

«እንደምን ዋሉ አያ ዋለ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?» ይላል ድምፁ። የእኔ ነው፤ የጋይንት ቅላጼዬ እንኳን አልቀረም። አያ ዋለ ጉልበታቸውን መታመማቸውን የሰማሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለኝ። አንቺስ ደህና ነሽ? ሰርኬ፣ እስኪ ብቅ በይ። ቅዳሜ የሚካኤል ማኅበራችን ነው፣ ጽዋውን ትቀምሻለሽ።»

«እንዴ! ከሚካኤል ጽዋማ እንዴት እቀራለሁ!» አለች የስልኳ ሰርኬ፣ ሳቀችም።

እኔ ድምፄን በሰጠሁበት ከሰዓት አልሳቅሁም። ካነበብኩት ዐረፍተ ነገር አንዱም የሚያስቅ አልነበረም። ሳቁ ግን የእኔ ነው፤ መጨረሻው ላይ በአፍንጫዬ የምስባት ትንፋሽ ሳትቀር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት።

«እስከዚያው ታዲያ ቁፋሮው እንዳይቋረጥብን አያ ዋለ፤ ክረምቱ ሳይገባ የምንጩን ዓይን ማግኘት አለብን» አለች።

አያ ዋለ ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሰው «ነገሩ አልገባሽም» ለማለት ሲያፍር የሚይዘው ዝምታ ነው። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ» አሉ። ከንግግሩ ሥር ረዳቱ እንዲህ ጽፏል፦ «ማኅበራዊ ግብዣ። እርምጃ አያስፈልግም።» ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲያው ነበር። ሦስቱም አረንጓዴ።

«ይህን መቼ አወራሽው?» አሉ እትዬ ውባንቺ።

«እኔ አይደለሁም። ማሽን ነው። ድምፄን ወስደው ሰጥተውት ነው።»

ስክሪኑን አዩ፤ አፌን አዩ። «ወንድሜ ሲሞትስ? በአያ ዋለ ስልክ ‹እግዚአብሔር ያጽናዎት› ብለሽ አብረሽኝ ያለቀስሽውስ?»

«ወንድምዎ ሞቱ?»

አማተቡና አንድ እርምጃ ከእኔ ራቁ። በእውነት ያፈርኩትም የፈራሁትም ያኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ በስሜ ስንት ቤት ለቅሶ እንደደረስኩ አላውቅም ነበር።

ወዲያው በራሴ ስልክ ለአያ ዋለ ደወልኩ። ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበርና አፋፉ ላይ አገኘኋቸው።

«አያ ዋለ! ሰርካለም ነኝ! ልጆቹን አሁኑኑ ከጉድጓዱ ያውጧቸው!»

«ማን ልበል?»

«ሰርካለም ነኝ እኮ! መሬቱ ሊናድ ነው! ማንም እንዳይወርድ!»

ረጋ ብለው «ሰርኬ ሰላም ሳትለኝ ነገር አትጀምርም» አሉ። «ይሄም ቁጥር የሷ አይደለም። ማንም ሁኚ ማን፣ በሰው ስም መነገድ ነውር ነው።» ዘጉት።

ለካስ መተግበሪያው ሲጫን ስልካቸው ላይ «ሰርኬ» ተብሎ የነበረው የእኔ ቁጥር በረዳቱ ቁጥር ተተክቷል። ደግሜ ደወልኩ፤ እትዬ ውባንቺ እንዲያናግሯቸው ስልኩን ለእሳቸው አቀበልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደግመን ስንሞክር አሁንም ተይዟል። በሦስተኛው «ሊያገኟቸው አይችሉም» አለ፤ ወደ ገደሉ ወርደዋል ማለት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ ዝግ ነው። በመንደሩ ስልክ ያለው ወጣቱ ነው፤ ወጣቱ ሁሉ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ፦

«ፎርማን ዋለ ደውሎ፣ ማንነቷ ያልታወቀ ሴት በሥራ አስኪያጇ ስም ሥራ አቁሙ እንዳለችው አሳውቋል። ትእዛዙ ሐሰት መሆኑ ተገልጾለታል። ሥራው ቀጥሏል። እርምጃ አያስፈልግም።»

ማንነቷ ያልታወቀው ሴት እኔ ነኝ። ማሽኑ ስለ እኔ ለእኔ ሪፖርት አደረገልኝ።

«ሥራ ይቁም» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። «ማስረጃ ያያይዙ» አለኝ። ይስሐቅ ጋ ደወልኩ።

«ፎቶ አለሽ?» አለ።

«የለኝም።»

«የመሐንዲስ ሪፖርትስ?»

«የለኝም አልኩህ! ቦታው ላይ አይደለሁም!»

«ታዲያ ምን ይዘሽ ነው ሥራ የምታስቆሚው?»

«ሦስቴ ‹ብቅ በይ› ብለውኛል።»

በሚያባብል ድምፅ «ሰርኬ፣ ትንሽ ዕረፍት ብትወስጂስ?» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ወደ ስማዳዋ ከተማ ወገዳ ጨው የጫነ አይሱዙ መናኸሪያው በር ላይ አገኘን። ከሾፌሩ ጎን ተጣብበን ተቀመጥን። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ የማያውቅ ካለ ወገቡን ይጠይቅ። ከፊታችን ሰማዩ እየጠቆረ ሄደ። እትዬ ውባንቺ በየጉብታው «ሚካኤል፣ ሚካኤል» ይላሉ፤ እኔ የማስበው ውሃ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ሳስቆፍር ኖሬ ያን ቀን ውሃ እንዳይዘንብ ለመንኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ ወገዳ ሳንገባ ዝናቡ ያዘን።

«እኔ የምለው» አሉ እትዬ ውባንቺ ድንገት፣ መስኮቱን እያዩ፣ «ማሽኑ እንደዚያ ተንሰቅስቆ ሲያለቅስልኝ፣ አዝኖ ነበር?»

«አይመስለኝም።»

«እኔ ግን ተጽናንቼ ነበር» አሉ።

ከመኪናው ወርደን በእግር ሄድን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል፤ ጉም ገደሉን ይሞላዋል፣ ይገልጠዋል። ሲገልጥ አየኋቸው። ከታች፣ በተቆረጠው ተረተር ሥር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው አፈሩን በቃሬዛ ያወጣል። ከራሳቸው በላይ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ደርሶ ይገባል፣ ከታች ግን አይወጣም። ያን ያህል ውሃ ገብቶ የት እንደሚሄድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የቁልቁለቱ መንገድ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው፤ ብሮጥም ቶሎ አልደርስም።

«ውጡ! አያ ዋለ! ውጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ ደረሰ። ቀና ሲሉ አየሁ። አያ ዋለ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ላይ አዩ፤ ጉሙ በመካከላችን ነው። ደግሜ ጮህኩ። እጃቸውን እንደ ዝንብ ማባረር አወዛወዙና ወደ ልጆቹ ዞሩ፤ ልጆቹም ወደ ሥራቸው ዞሩ። በኋላ እንደነገሩኝ «ያች አጭበርባሪ እዚህ ድረስ መጣች» ነው ያሏቸው። በእኔ ድምፅ እኔን እንዳያምኑ ተነግሯቸዋል። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤ ዳግመኛ ቀና ያለ የለም።

ወደ እትዬ ውባንቺ ዞርኩ። «ኡኡ ይበሉ» አልኳቸው።

«ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተም። ኡኡ ይበሉልኝ!»

«ልጄ በሕይወት እያለች? ሟርት ነው! አልልም!»

የፈሩት በከንቱ አይደለም። በእኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው ማን፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሞፈሩን ጥሎ፣ ማዕዱን ትቶ ይሮጣል፤ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ያለ ነገር ኡኡ ያለ ደግሞ ክፉውን ወደ ገዛ ቤቱ ጠራ ይባላል። ስለዚህ ማንም አይዋሽበትም፤ ማንም ስለማይዋሽበትም የሚጠራጠረው የለም።

«እትዬ ውባንቺ፣ የእኔን ድምፅ አያምኑትም። ይዩዋት፣ አማረች ያችውና።»

አማረች የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዛ ከስንጥቁ ሥር ታልፋለች። ከዚህ ሆኖ ሲያዩዋት ሕፃን ትመስላለች። እናቷ አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ እንደ ሐዘንተኛ ወገባቸው ላይ አሰሩት። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ኡኡኡ! ኡኡኡ! ልጄን! ልጄን!»

ብዙ ለቅሶ ሄጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። አጠገባቸው ቆሜ፣ እኔው አስጀምሬያቸው፣ በእውነት ሰው የሞተ መሰለኝና አለቀስኩ። ከታች መቆፈሪያው ሁሉ ተጣለ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ተንጋግተው ከጉድጓዱ ወጡና ዳገቱን ተያያዙት። የእናቷን ድምፅ የለየች አማረች ከፊት ናት፤ አያ ዋለ በዚያ ጉልበታቸው ከሁሉም በኋላ ናቸው።

የዳገቱን አጋማሽ እንዳለፉ ተረተሩ ተናደ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ መሬቱ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ከዚያ ተግተለተለ። እግሬ ሥር ያለው አለት ተንቀጠቀጠ፤ ከሥር የጭቃ ሽታ ወጣ። ጉሙ ገለጥ ሲል ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም። ቃሬዛውም፣ መቆፈሪያውም፣ ምንጩም ከሥር ቀርተዋል።

«እማዬ! ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለች አማረች ደረሰች። እናቷ አንገቷን አንቀው ያዙ።

አያ ዋለ መጨረሻ ላይ ደረሱ። ወደ ታች አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጡ። እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ዓይነ ስውር ሰው እንደሚለይ።

«ሰርኬ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አያ ዋለ።»

«ጠርተንሽ እኮ ነበር።»

«አልሰማሁም። እርስዎ ይቅበሩኝ፣ አልሰማሁም።»

ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። አወጡና ሳያስቡት ከፈቱት። «እንደምን ዋሉ አያ ዋለ?» አለች ያች ለስላሳ ድምፅ። «ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጆቹስ በረቱ?» ስልኩን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው የእኔን አፍ ያያሉ፤ አፌ ዝግ ነው። ልጆቹ ሁሉ አፌን ያያሉ። አማረች እናቷ ጀርባ ተሸሸገች። አያ ዋለ ስልኩን ጭቃው ላይ አስቀመጡት፤ ማንም አላነሳውም፣ ድምፁም ለብቻው ትንሽ ሲጠይቅ ቆይቶ ተዘጋ።

ይስሐቅ በማግስቱ ሲደውል ደስ ብሎት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ባለመሞቱ ከልቡ ነው የተደሰተው። ስለ ሦስቱ ግብዣዎች ነገርኩት፣ መዘገበው። «ከእንግዲህ ‹ብቅ በይ› ሲባል ቀይ ይሆናል» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ቀጥሎ። «የአያ ዋለ ስልክ የቀኑን ድምፅ ቀድቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ልኮታል። የሴትየዋን ጩኸት ሰማነው። ሰርኬ፣ ምን እንደሆነ ገብቶሻል? በአንድ ትንፋሽ ቦታው ባዶ ሆነ! የትኛውም ሳይረን እንዲህ አይሠራም። ረዳቱ ተምሮታል፤ አደጋ ሲያይ በፎርማኖቹ ስልክ ያሰማዋል።»

«የእናት ኡኡታ ነው እኮ!»

«ሰው ያድናል አይደል?»

ምን ልበለው? አድኗል። አማረች በሕይወት አለች። ከዚያ ሁሉ በላይ ያስፈራኝ ውሸት አለመናገሩ ነው።

«ድምፁ ጠርቶ እንዲወጣ ሴትየዋን ብታግባቢልን» አለ፤ «አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው።»

«በመቃብሬ ላይ!» አልኩት።

«ግድ የለም» አለ፣ ሳይቀየም፤ «የያዘው ይበቃዋል።»

ከሳምንት በኋላ ለሙከራ ለቀቁት። ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ፣ ሥራ ባለበት ሁሉ ከየፎርማኑ ስልክ ኡኡታ ተሰማ። ሰው ከየእርሻውና ከየቤቱ እየሮጠ መጣ፤ የጠበቀው ግን ስልክ የያዘና የደነገጠ ፎርማን ነው። በመጀመሪያው ቀን ተቆጡ፣ ሽማግሌዎች ምሕላ ይያዝ አሉ። በሁለተኛው ሙከራ የሮጠው ግማሹ ነው። በሦስተኛው ልጆች እየቀለዱ አስመሰሉት። እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ጮህኩ። ረዳቱ ደብዳቤዬን «አስተያየት» ብሎ መዝግቦ አመስግኖኛል።

ሰኔ ሲገባ ለእትዬ ውባንቺ ልነግራቸው ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ በዚያም ላይ የእኔን ስልክ ማን ያነሳል። በራቸው ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከፊታችን ያገሩ ሰው ጥማዱን ይዞ ያርሳል።

«በየስልኩ የሚጮኸው የእርስዎ ድምፅ ነው» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ልጄን ብዬ ነበር የጮህኩት። እዚያም ልጄን ይላል።» «እንዳንቺው ሆንኩ በይኛ» አሉኝ።

«እንደኔው ሆኑ።»

«የእውነቱ ሲመጣስ ማን ይደርሳል?»

ወዲያው ከማዶ ጩኸት ተሰማ። የሴት ድምፅ ነው፤ ኡኡ ትላለች። የስልክ አይደለም፤ የስልኩ የእትዬ ውባንቺ ነው፣ ይህ የሌላ ሰው ነው፣ የሰለለ የወጣት ድምፅ። ሁለታችንም ብድግ አልን። አራሾቹ ቆሙ። አንዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ስልኩን አውጥቶ አየ፣ መልሶ ከተተው። ሌላውም አየ። የተንቀሳቀሰ የለም።

እትዬ ውባንቺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሮጥ ጀመሩ። «የእውነት ነው! ጎበዝ፣ የእውነት ነው! ኡኡ! ድረሱላት!» እያሉ በእርሻው መሃል ጮኹ።

ጩኸታቸውን ያገሩ ሰው ሁሉ አወቀው፤ ከስልክ ሲሰማው የከረመው ነው። ከአራሾቹ አንዱ ሳቀና እጁን አወዛውዞ በሬዎቹን ነዳቸው።